ለካ ግማሻችን ነበርን

አቃቂ በሰቃ ፊልም ማየት ድሮ የሠፈር ጉዳይ ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም አገራችን ቢገባም፣ ከፋብሪካ ሠራተኛው ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያው ባለቴሌቪዥን ጎረቤት እንሰበሰብ ነበር። ኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተፋፍገን፣ ቋንቋውን ባንሰማም በሕንድ ፊልም አለቀስን።

የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም ሲጀመር ስልኩ ለወሬ ብቻ ነበር። ሚሞሪ ካርድ መቀበል ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። ኢንተርኔቱ ውድና ቀርፋፋ ቢሆንም ወጣቱ መላ አላጣም፤ ካርዱን ይዞ ሱቅ ይሄድና በጥቂት ብር ፊልምና ክሊፕ ያስጭናል፤ ክሊፑን ለጓደኛው በብሉቱዝ ያቀብላል። የሠፈራችን ቪዲዮ ቤቶችም አንድ በአንድ ተዘጉ።

እኔም ሥነ ጽሑፍ እንዳስተማረ ሰው «ሁላችንም አብረን መሳቃችን ቀረ!» እያልኩ ስነጫነጭ፣ አንዲት ጎረቤቴ አፌን አስያዘችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቪዲዮ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሴት ልጅ እዚያ ምን ልትሠራ? ይባል ነበር።»

እውነቷን ነው። «ሁላችንም» የምለው ለካ ወንዶቹን ነበር! እሷ ዛሬ ስልኳን ከስኳር ጣሳው አስደግፋ፣ ወጧን እያማሰለች ፊልሟን ታያለች። ብቻዋን ትስቃለች እንዳልል፣ ሳቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።