ፍሎሪን፦ ከፓሪስ ቤተ ሙከራ እስከ አርሲ ደጋ ግርጌ

ፍሎሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከውህዱ ለይቶ ለማውጣት የአውሮፓ ኬሚስቶች ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። የብራሰልሱ ሉዬና የናንሲው ኒክሌስ በዚሁ ሥራ ተመርዘው ሞተዋል። በመጨረሻ ሰኔ 1886 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ ለሄንሪ ሟሳን ተሳካለት፤ በ1906ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እነዚህ ሰዎች አደጋውን አውቀው የገቡበት ነበሩ።

ከአርሲ ደጋ ሥር፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ግን ይህንኑ ንጥረ ነገር ሳያውቀው የጠጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተወለደው ዓለት ፍሎራይድ ያመነጫል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ካልሲየም ስለሚያንሰው ይዞ አያስቀረውም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ውሃውን ቢያፈሉትም ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1954 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። የሠራተኛው መንደሮች ውሃ ከጉድጓድ ይቀዳ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሲሆን የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ። በ1970ዎቹ ደግሞ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደደረ፣ ነርቫቸው እየተጨፈለቀ መራመድ እንዳቃታቸው መዘገቡ። እንግዲህ ይህ በአንድ ጀንበር የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ ሰውየው ጉልበቱን ጨርሶ ሊያርፍ ሲል ነው የሚደርስበት።

ኬሚስትሪ ለዚህ መላ አላጣም። አሉሚና የተሞላ ማጣሪያ ወንጂ ላይ ተተክሎ ነበር። ማጣሪያው ግን በጊዜው በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ ካልታጠበ ይጠግብና ውሃው እንደገባ ይወጣል። ዘወትር የሚለካ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ በጀት፣ ተጠያቂ አስተዳደር ይሻል። እኛ ዘንድ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል።

ደጋው ሌላ መንገድ አሳይቷል። ከአሰላ በስተሰሜን የሂጦሳ ገበሬዎች በ1990ዎቹ፣ በዎተርኤይድ ድጋፍ፣ የበዳን ተራራ ምንጮች በስበት ብቻ ወደ ቆላው አወረዱ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘረጋ። ቦዩን የቆፈረው ነዋሪው ነው። ዓላማው የሴቶቹን ረጅም የውሃ መንገድ ማሳጠር እንጂ ፍሎራይድን መሸሽ አልነበረም፤ ይሁንና የተራራው ምንጭ ከሸለቆው ጉድጓድ ይልቅ ፍሎራይዱ እጅግ ያነሰ ነው። የቦኖው ክፍያና ጥገና ተጠቃሚው ራሱ በመረጠው ኮሚቴ እጅ ገባ። ቧንቧው ሲሰበር የሚጠማው መራጩም ተመራጩም ነው።

እንዲህ ያለ ቧንቧ ያልደረሰባቸው የሸለቆው መንደሮች ዛሬም ከጉድጓድ ይቀዳሉ።