ከመቅመቆ እስከ ሊኬር
ቅቤን የማጣፈጥ ጥበብ በአገው ምድር ታሪክ ሲታይ

በከተማ ቤቶች ለልደትና ለሠርግ ኬክ ሲጋገር፣ ከቅቤና ከስኳር ተመትቶ በሚዘጋጀው ክሬም ላይ ጥቂት ሊኬር ጠብ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። ድርጊቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ለመሆኑ የኬኩም የሊኬሩም ስም ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ቅቤን የሥርና የቅጠል ጠባይ አልብሶ ለገበታ ማቅረብ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ቢኖር፣ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚያልፈውን መንገድ ይዞ ወደ አገው ምድር ታሪክ መለስ ማለት ይኖርበታል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ጎንደርና አካባቢዋ ከብቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ስንዴውን፣ ቆዳውንና ሰሙን የሚያገኙት ከአገው ሕዝብ እንደነበረ ይገልጣል። ባለ ጭነቶቹ በአንድ ጊዜ ሺህም፣ ሺህ አምስት መቶም ሆነው እየተከታተሉ ወደ ከተማይቱ ይገቡ ነበር። የመኳንንቱ ግብር በማን ጫንቃ ላይ ይቆም እንደነበረ ለመረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

መንገዱ ግን ረጅም፣ ሙቀቱም ብርቱ ስለነበረ ቅቤው መቅለጡ፣ የቀለጠውም መበላሸቱ አይቀርም። አገዎች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ይኸውም መቅመቆ ነው። ካሮት የሚመስለውን ቢጫ ሥር ወቅጠው ከቅቤው ጋር በጥቂቱ ሲለውሱት ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ብሩስ እዚህ ላይ አንድ የኢኮኖሚ ቁም ነገር ያስተውላል። በዚያ ዘመን ጨው አሞሌ ሆኖ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበርና፣ ቅቤው በጨው ቢጠበቅ ኖሮ ዋጋው በናረ ነበር። የማጀት እውቀት ገበያውን ያረጋጋ ነበር ማለት ነው! በዚሁ ሥር ሙሽሮች እጅና እግራቸውን ይቀቡ እንደነበረም ጨምሮ ጽፏል። የነገሥታቱን ዘመቻ በዝርዝር የመዘገቡልን ዜና መዋዕሎች ግን ለእንዲህ ያለው ጥበብ እምብዛም ቦታ አልሰጡም።

ሊኬርም ቢሆን ትውልዱ ከሥርና ከቅጠል ነው። በአውሮፓ ዕፅዋትን በአልኮል ዘፍዝፎ እንደ መድኃኒት ከመጠጣት ልማድ የወጣ ሲሆን፣ በፈረንሳይ የሻርትሬዝ መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1737 የመድኃኒት መጠጣቸውን፣ በ1764 ደግሞ አረንጓዴውን ሊኬር አዘጋጅተዋል። ይህም ብሩስ ግሽ ከመድረሱ 6 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

የአሠራሩ ምክንያትም ግልጽ ነው። መዓዛ ያላቸው ዘይቶች በውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ በአልኮልና በስብ ግን ይሟሟሉ። ስለሆነም አልኮሉ ከዕፅዋቱ ያወጣውን መዓዛ ቅቤው ተቀብሎ ይይዘዋል። 250 ግራም ቅቤ ለገባበት ክሬም 2 የሾርባ ማንኪያ ሊኬር ይበቃል። ቅቤው ካልለሰለሰ፣ ሊኬሩም ቀስ በቀስ ካልተጨመረ ክሬሙ ይለያያል። እሳት የማይነካው በመሆኑ አልኮሉ እዚያው ይቀራልና ለሕፃናት የሚቀርብ ኬክ ላይ መጨመር አይገባም።

መቅመቆ የሊኬር ክሬም አያት ነው ማለታችን አይደለም፤ አንዱ ቅቤን ለመጠበቅ፣ ሌላው ለማጣፈጥ የታሰበ ነው። ብሩስ የመቅመቆን ዘር በብዛት ወደ አውሮፓ ወስዶ በነገሥታት የአትክልት ሥፍራዎች እንዳከፋፈለ፣ መጽደቅ አለመጽደቁን ግን እንዳላወቀ ጽፏል። በአገራችን ሥሩ ዛሬም በየገበያው ይሸጣል፤ ቅቤ የሚያነጥሩ እናቶችም ይገዙታል።