በሬውን የሚከፋፍለው ማን ነው? የአሜሪካ ገበሬ ከበላተኛው የተለየበት ታሪክ

በአሜሪካ አንድ ከብት አርቢ በሬውን ከነሕይወቱ ለጎረቤቱ ቢሸጥ የሚከለክለው የለም። ያንኑ በሬ የመንግሥት መርማሪ በሌለው አነስተኛ ቄራ አሳርዶ አንድ ኪሎ ሥጋ ቢሸጥለት ግን ሕግ ይጥሳል። በሁለቱ መካከል አንዲት ጠባብ በር አለች። ገዢዎች በሬውን ገና በቁሙ ሳለ በግማሽ ወይም በሩብ ተካፍለው ከገዙት፣ የሚታረደው የራሳቸው ከብት ስለሆነ መርማሪው በእርዱ ላይ እንዲገኝ አይጠየቅም። ሥጋው «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ምልክት ታትሞበት ለባለቤቶቹ ይሰጣል። ቅርጫ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አሠራሩ እንግዳ አይደለም። ሊመረመር የሚገባው በሩ እንዴት ይህን ያህል ሊጠብ እንደቻለ ነው።

ነገሩ ከበሬው ግዝፈት ይጀምራል። አንድ ቤተሰብ ሙሉ በሬ በልቶ አይጨርስም፤ ስለዚህ በገበሬውና በበላተኛው መካከል የሚከፋፍል እጅ የግድ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሥጋ ንግድ ታሪክ ይህ የመከፋፈል ሥራ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ ነው።

የቺካጎው ታላቅ የከብት በረት በታኅሣሥ 1865 ተከፈተ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከምዕራብ የመጡ ከብቶች በአመዛኙ በቁማቸው በባቡር ወደ ምሥራቅ ከተሞች ይላኩ ነበር። አርዶ የሚከፋፍለውም የየአካባቢው ሥጋ ሻጭ ነበር። ጉስታቨስ ስዊፍት ግን አንድ ነገር አሰላ፦ ከቁም ከብት ክብደት ከ40 በመቶ የማያንሰው ለገበታ የማይቀርብ ሲሆን፣ የባቡር ኪራይ የሚከፈለው ግን ለሙሉው ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ በበረዶ የሚቀዘቅዝ ፉርጎ አሠርቶ ቺካጎ የታረደ ሥጋ ወደ ምሥራቅ መላክ ጀመረ። ለቁም ከብት ማጓጓዣ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱት የባቡር ኩባንያዎች ሲያንገራግሩበት በካናዳ በኩል በሚያልፍ መስመር ተጠቀመ። ሥጋ ረከሰ፤ የመከፋፈሉ ሥራ ግን ከከተማው ሥጋ ቤት ወደ ቺካጎ ፋብሪካ ተሻገረ።

ሥጋ ሻጮቹ ዝም አላሉም። ሚኒሶታ በ1889 ባወጣችው ሕግ፣ በግዛቷ የሚሸጥ ትኩስ ሥጋ ከመታረዱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ በዚያው ግዛት ከተመረመረ ከብት የመጣ እንዲሆን አስገደደች። ቺካጎ የታረደ ከብት ይህን ሊያሟላ እንደማይችል ግልጽ ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1890 ሕጉን ሻረው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የጤና ደንብ ሁለት ፊት እንዳለው ታውቋል፤ በላተኛውን ይጠብቃል፣ አንዳንዴም ተፎካካሪን ያጥራል።

በ1906 የአፕተን ሲንክሌር «ዘ ጃንግል» የቺካጎ ቄራዎችን ጉድ ካወጣ በኋላ የፌዴራል የሥጋ ምርመራ ሕግ ጸደቀ። ኮንግረስ ሕጉን ሲያወጣ ያተኮረው በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ላይ ነበርና፣ ገበሬ በእርሻው ላይ ያረደውን ከብትና ደንበኞቹን የሚያስተናግደውን ቸርቻሪ ሥጋ ሻጭ ከምርመራው ነጻ አደረገ። የቀጥታ ሽያጩ በር ከ60 ዓመት በላይ ክፍት ሆኖ ቆየ።

በሩን ያጠበበው በታኅሣሥ 1967 የወጣው ማሻሻያ ነው። ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ከፌዴራል ምርመራ ውጭ በነበሩ ቄራዎች የታየው ቆሻሻ እውነተኛ ነበር። ሕጉ ግዛቶች ቢያንስ ከፌዴራሉ ጋር የሚስተካከል ምርመራ እንዲያቋቁሙ አዘዘ፤ ለገበሬው የቀረለት ለራሱና ለቤተሰቡ ማረድ፣ ወይም ለከብቱ ባለቤት የሚደረግ እርድ ብቻ ሆነ። ደንቡ የሚጠይቀው ግንባታና መዝገብ በቀን በሺህ ለሚያርደው የማይሰማ፣ በሳምንት አሥር ለሚያርደው ግን ከባድ ቋሚ ወጪ ነው።

በዚሁ ዘመን አዮዋ ውስጥ የተመሠረተ አይቢፒ የተባለ ኩባንያ ከብቱን ፋብሪካ ውስጥ በየብልቱ እየቆረጠ በካርቶን አሽጎ መላክን አስፋፋ። ሥጋ ቤቶች የቀራቸውንም የመከፋፈል ሥራ አጡ። በ1980 አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ከደለቡት ከብቶች 36 በመቶ ገደማ ያርዱ ነበር፤ ዛሬ ድርሻቸው 85 በመቶ ደርሷል። የሥጋ ኩባንያዎችን ኃይል ለመግታት በ1921 የወጣው የፓከርስና ስቶክያርድስ ሕግ ግን ያኔም ሆነ አሁን በሥራ ላይ ነው።

የዚህ ዋጋ በ2020 የጸደይ ወራት ጎልቶ ታየ። ኮቪድ ትልልቆቹን ቄራዎች ሲዘጋ የቁም ከብት ዋጋ ወረደ፣ የሥጋ ዋጋ ግን ናረ። ገበሬው ከብት፣ በላተኛውም ገንዘብ ይዘው በየፊናቸው ቆሙ፤ የጠፋው የሚከፋፍለው ነበር። የአነስተኛ ቄራዎች ወረፋ ለወራት ተያዘ። ዋዮሚንግ በዚያው ዓመት የቁም ከብት ድርሻ መሸጥን የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በጥር 2022 የሥጋ ማቀነባበር አቅምን ለማስፋት አንድ ቢሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ ቄራ ሊያሠራ ይችላል፤ የቋሚውን ወጪ ችግር ግን ብቻውን አይፈታም።

ቅርጫ ይህን የመከፋፈል ችግር ያለ ኩባንያ ይፈታዋል። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ይገዛሉ፤ ከየብልቱ ለየመደቡ ይደርሰዋል፤ ዕጣው አድልዎን ያስቀራል። የጎደለው ምርመራው ነው፤ የኮሶ ትል ከጥሬ ሥጋ ጋር እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ኢትዮጵያ የቄራና የምርመራ ሥርዓቷን ስታዘምን ከአሜሪካ ልትወስደው የሚገባው ትምህርትም እዚህ ላይ ነው። መርማሪው ከብቱ ወደሚታረድበት መንደር መድረስ ከቻለ ጤናም ቅርጫም አብረው ይኖራሉ። ከብቱ ሁሉ ወደ መርማሪው ፋብሪካ እንዲሄድ ከተገደደ ግን በሬውን የሚከፋፍሉት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ የገበሬውን ዋጋ የሚቆርጡትም እነርሱው ናቸው።