ስደተኛው ሳይንቲስትና የአንጀት ቁራጭ

ሞርፊን ሕመም ያስታግሳል፣ አንጀትንም ያደርቃል። ይህ ድሮም የታወቀ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ምስጢሩን ከፈቱት አንዱ እንደኛው ስደተኛ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሃንስ ኮስተርሊትዝ በ1903 በርሊን ተወለደ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከአይሁድ ወገን በመሆኑ ሥራውን አጣ። በ1934 ስኮትላንድ፣ አበርዲን ገባ፤ እዚያው ሲመራመርና ሲያስተምር ኖረ።

የሥራው ዘዴ ቀላል ነው። በ1904 ሩዶልፍ ማግኑስ የተባለ ጀርመናዊ፣ ከእንስሳ የተቆረጠ አንጀት ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ካገኘ ለሰዓታት እንደሚንቀሳቀስ አሳይቶ ነበር። ኮስተርሊትዝም የጊኒ ፒግ (አይጥ መሰል እንስሳ ናት) አንጀት በኤሌክትሪክ ሲነካው ይኮማተራል፤ ሞርፊን ሲጨምርበት ይዳከማል። ሞርፊን በአንጀቱ ነርቮች ላይ «ተቀባይ» በሚባለው ቦታ፣ ልክ ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚገባ ይገባል፤ ጡንቻውን የሚያዘው አሴቲልኮሊንም እንዳይለቀቅ ያግዳል።

እንስሳት ሁሉ ግን አንድ አይደሉም። ያው ሞርፊን የውሻን አንጀት ጭራሽ ያኮማትረዋል።

በ1975 ኮስተርሊትዝና ጆን ሂውዝ ከአሳማ አንጎል እንደ ሞርፊን የሚሠራ ንጥረ ነገር አገኙ፤ ኤንከፋሊን አሉት። ኮስተርሊትዝ ያኔ 72 ዓመቱ ነበር። ኤንከፋሊን በአይጥ የዘር ቱቦ ላይ ከሞርፊን ይበረታል፤ በጊኒ ፒግ አንጀት ላይ ደግሞ ሞርፊን ይበልጠዋል። ቁልፉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይለያይም ነበር። ስለዚህ በ1977 ተቀባዮቹ ከአንድ በላይ መሆናቸውን ጻፉ፤ ሚዩ፣ ደልታ እየተባሉ ይጠራሉ።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እዚህ ካርቲየ 5 ልጅ ሲያስቀምጠው «ይቺን ክኒን ስጪው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራሚድ የሚሠራው በዚያው በሚዩ ተቀባይ ነው። አንጀቱን ዝም ያሰኘዋል እንጂ የፈሰሰውን ውሃና ጨው አይመልስም። ሕፃን ላይ አንጀቱን ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ለተቅማጥ እንዲህ ያለ ክኒን ለሕፃናት እንዳይሰጥ ይመክራል። ሕፃን የሚያስፈልገው ሀገር ቤት «ለምለም» የምንለው ኦ.አር.ኤስ.፣ ከዚንክና ከእናት ጡት ጋር ነው። ከደከመ ወይም ሰገራው ደም ካለው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ!

ለክፍል ውይይት፦ በጊኒ ፒግ የታየው በውሻ ካልሠራ፣ ለአዋቂ የተሰጠውን ክኒን ለሕፃን እንዳለ መስጠት ለምን አይገባም? መምህራን ጥያቄውን ለተማሪዎቻችሁ አቅርቡላቸው።