ነጻ የወጣው ሰው ለምን ተመለሰ?

ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ አገር ልይ፣ ዓለም ልወቅ ብሎ፣ የሚያስተምራቸውን ዘመዶቹ የሆኑ ሁለት ልጆች አስከትሎ በባሕር ተጓዘ። ያየውን አይቶ ሲመለስ ስንቅና ውኃ አለቀና መርከቢቱ አንድ ወደብ ላይ ቆመች። ክፉ ቀን ነበር። የወደቡ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ኖሮ በቁጣ ወጥተው ፈላስፋውንም መርከበኛውንም ፈጁ። ሁለቱ ልጆች ግን በዚያ ሰዓት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ገዳዮቹ ሲያዩአቸው አንጀታቸው አልችል አለ፤ ሳይነኳቸው ወስደው ለንጉሣቸው፣ ለአክሱም ንጉሥ ሰጧቸው።

ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስን አስተዋይ ሆኖ ስላገኘው ሒሳቡንና ጽሕፈቱን አስረከበው። ዓመታት አለፉ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻነታቸውን ሰጣቸው፤ ንግሥቲቱ ግን ሕፃን ልጅ ይዛ ቀርታ ነበርና እስኪያድግ ድረስ አብረዋት እንዲቆዩ ለመነቻቸው። ቆዩላት።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አገሩ መምህራቸው ደሙ የፈሰሰበት አገር ነው። አሁን ሥልጣኑ በፍሬምናጦስ እጅ ገብቷል። የዚያን ቀን ማን ሰይፍ እንደ መዘዘ ሊያጣራ ይችል ነበር። እርሱ ግን ከሮም ግዛት ለንግድ ከሚመጡት መካከል ክርስቲያን ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ ጀመር። ያገኛቸውንም ተሰብስባችሁ የምትጸልዩበት ቤት ሥሩ እያለ አበረታታቸው፤ ቦታ ሰጣቸው፣ ለሕንፃው የሚያስፈልገውን አሟላላቸው። ወንጌል በአክሱም ምድር ሥር የያዘው በእንዲህ ያለ ሰው ነው፤ መበቀል ሲችል የጸሎት ቤት ባሠራ ሰው።

ልጁ አደገ፣ ነገሠ። ሁለቱ ወንድሞችም አደራቸውን አስረክበው፣ ቆዩ እየተባሉ ቢለመኑም ተሰናብተው ወጡ። ኤዴስዮስ እናት አባቱን ለማየት ቸኩሎ ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ላይ ቀረ። የጌታን ሥራ ደብቆ መያዝ አይገባኝም ብሎ በቀጥታ ወደ ጳጳሱ ወደ አትናቴዎስ ዘንድ ገባ። አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ328 ዓ.ም. ተሹሞ፣ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ጳጳስ ነበር። ፍሬምናጦስ የሆነውን ሁሉ ተረከለት፤ ብዙ ምእመናን አሉ፣ የጸሎት ቤቶች ተሠርተዋል፣ እረኛ ግን የላቸውም፤ የሚሆን ሰው ፈልገህ ላክላቸው አለው። አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ መከረ። ከዚያም ለዚህ ሥራ ካንተ የተሻለ ከየት እናገኛለን ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ቀብቶ ወደ መጣበት መለሰው።

ሌላ ሰው ላክ ሊል የሄደ፣ ራሱ ተልኮ ተመለሰ። በልጅነቱ ተማርኮ የገባበትን አገር አሁን ወድዶ፣ በእግሩ ሊገባበት ዞረ። ምን አስመለሰው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ትንሣኤው ማለዳ እንሂድ። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። ጌታ በስሟ ሲጠራት ታውቀዋለች፤ ልትይዘው ትፈልጋለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንባ ያፈሰሰች ሴት ናትና ማን ይፈርድባታል? እርሱ ግን እንድትይዘው አልፈቀደም። ወደ ወንድሞቹ ሄዳ እንድትነግራቸው ላካት። ደስታዋን ጠግባ ሳትጨርሰው መልእክተኛ ሆነች። የኤማሁስ መንገደኞችም እንዲሁ ናቸው፤ መሽቷል፣ እደር ብለው የለመኑት እነርሱ፣ እንጀራውን ሲቆርስ ባወቁት ጊዜ መምሸቱን ረስተው በዚያው መንገድ በሌሊት ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ።

ጴጥሮስንስ አስቡት። በሊቀ ካህናቱ ግቢ የከሰል እሳት እየሞቀ ነው ጌታውን አላውቀውም ያለው። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ከጀልባው ወርዶ ሲመጣ ምን ጠበቀው? የከሰል ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም። ዮሐንስ በወንጌሉ ሁለቱንም እሳቶች ሳይዘነጋ ጽፎልናል። ጌታ ጴጥሮስን ስለ ክህደቱ አልወቀሰውም፤ ትወደኛለህን ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። ጴጥሮስ ይቅርታውንና ሥራውን በአንድ ላይ ተቀበለ።

ስለዚህ ትንሣኤን ያለ ተልእኮ ማክበር አይሆንልኝም። አትናቴዎስ ራሱ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አጥብቆ ይሟገትበታል። ሙት ምንም አይሠራም ይላል፤ የሞተ ሰው ሌላውን ሰው ከጣዖት አያላቅቅም፣ አመንዝራውን ከዝሙቱ፣ ነፍሰ ገዳዩን ከግድያው አይመልስም። ክርስቶስ ግን ይህን ሁሉ በየቀኑ እየሠራ ነው፤ ሴቶችና ሕፃናት እንኳ በእርሱ ምክንያት ሞትን ንቀዋል። ታዲያ ይህን የሚሠራው ሕያው ካልሆነ ማን ነው? እንግዲህ ይህን የሚያስተምር ጳጳስ ፊት አንድ የቀድሞ ምርኮኛ ቆሞ፣ በማረኩኝ ሰዎች አገር የጸሎት ቤት ተሠርቷል ብሎ ሲነግረው ምን ተሰምቶት ይሆን? ለትንሣኤው የሚፈልገው ምስክር በእግሩ ሄዶ መጣለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጣት ጫፍ ላይ በምትቀመጥ የወርቅ ሳንቲም ታዩታላችሁ። በአክሱም ንጉሥ በኢዛና የቀደሙት ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ምስል በላይ ክብ ጸሐይና ግማሽ ጨረቃ አሉ። በኋለኞቹ ላይ በዚያው ቦታ መስቀል ገብቷል። በቀድሞው የድንጋይ ጽሑፉ የጣዖቱ የማኅረም ልጅ ነኝ ሲል የኖረው ንጉሥ፣ በኋላ ድሉን ለሰማይ ጌታ ሰጠ። የሮም ቄሣር ቆስጠንጢዮስ እ.ኤ.አ. በ350ዎቹ፣ አትናቴዎስን ከመንበሩ ካሳደደ በኋላ፣ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ልካችሁ ሃይማኖቱ ይመርመር ብሎ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን የአትናቴዎስን ሃይማኖት ይዛ ጸናች፤ ፍሬምናጦስንም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብላ ሐምሌ 26 ቀን ታስበዋለች።

ወደ ቤቱ የቸኮለውን ኤዴስዮስንስ? አንዳንዶች እንደ ሰነፍ ይቆጥሩታል። እኔ አልፈርድበትም። ጌታ ከአጋንንት የፈታውን የጌርጌሴኖን ሰው ልከተልህ ባለው ጊዜ ወደ ቤትህ፣ ወደ ዘመዶችህ ሂድና ንገራቸው ብሎ አሰናብቶት የለም? ኤዴስዮስም በጢሮስ ቄስ ሆነ፤ ያየውንም ተናገረ። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ብሎ ጽፎታል።