ሁለት ዓይነት ጆሮ፤ ጎንደር በጠላት ዘመን፣ ጥቁር አሜሪካውያንም በትግላቸው ዘመን

የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ስንሰማ ኖረናል። እረኛ ከብቱን እየጠበቀ በሜዳ የሚያንጎራጉረው ቃል የእርሱ ብቻ ሳይሆን፣ በየማጀቱ የሚታማው፣ ግብር የከበደበት ገበሬም በልቡ ይዞት የሚያድረው ሁሉ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ብልህ ገዥ የእረኛውን ቃል ሰምቶ ግብሩን ያቃልላል፤ ጨካኙን ሹም ይሽራል፤ እረኛውን ግን አይነካውም።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሌላ ጆሮ ደግሞ አለ። ይኸውም «ጆሮ ጠቢ» በሚባለው ሰው አማካይነት በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነው። ሁለቱም ያዳምጣሉ፤ ሁለቱም የሰሙትን ለገዥ ያደርሳሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የሚሰማው ገዥው እንዲታረም ነው፤ ሁለተኛው የሚሰማው ተናጋሪው እንዲቀጣ ነው። በዚህ ጽሑፋችን የሁለተኛውን ጆሮ ታሪክ በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ፣ በዚያው ዘመንም በባሕር ማዶ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል እንዴት እንደ ሠራ ለአንባብያን ልናስታውስ እንወዳለን።

በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ጠላት አገራችንን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር አንድ አድርጎ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ሰየማት፤ በየግዛቱም ሲከፋፍላት ጎንደርን «አማራ» ላለው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። የመጀመሪያው ገዥ ጄኔራል አሌሳንድሮ ፒርዚዮ ቢሮሊ ነበር። አፄ ፋሲል በቆረቆሩት ከተማ ከግቢው በስተሰሜን ባለው ከፍታ ላይ አዲስ ከተማ ተነደፈ። በዚህም ንድፍ የነጮች መኖሪያና መሥሪያ ቤት ለብቻው፣ የአገሩ ተወላጅ መኖሪያም ለብቻው እንዲሆን ታቀደ። ዛሬም በጎንደር «ፒያሳ» እና «አውቶ ፓርኮ» እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ዘመን ነው።

ይህ አጥር በድንጋይ ብቻ የታጠረ አልነበረም፤ በሕግም ጭምር ታጥሮ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. በወጣው የኢጣልያ ድንጋጌ መሠረት ኢጣልያዊ ዜጋ ከአገሩ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ እስራት ይፈረድበት ነበር። በሰኔ ወር 1931 ዓ.ም. ደግሞ «የዘርን ክብር» ለመጠበቅ በሚል ስም ሌላ የቅጣት ሕግ ታከለበት። እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። እንዲህ ያለ ሕግ ያለ ጆሮ ጠቢ ሊሠራ አይችልም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውንና ከአንድ ገበታ መቁረሳቸውን የሚያውቀው ጎረቤት እንጂ ዳኛ አይደለምና። ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ መንግሥት አጥሩን የሚጠብቅለት ጆሮ በግድ ያስፈልገዋል። መድልዎና ስለላ መንታ ሆነው የሚወለዱት ስለዚህ ነው።

ጠላትም ይህን ጆሮ በብዙ መንገድ ዘረጋው። ካራቢኜሪ የሚባሉት ዘቦች ነበሩለት፤ ለገዥው የፖለቲካ ወሬ የሚያጠናቅሩ ሹማምንት ነበሩለት፤ በገንዘብ የተገዙ ወሬ አቀባዮችና አስተርጓሚዎችም ነበሩለት። በአንድ በኩል «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል ጋዜጣ በአማርኛ እያሳተመ ለሕዝቡ ይናገር ነበር፤ በሌላው በኩል ሕዝቡ ለራሱ የሚናገረውን በስርቆት ይሰማ ነበር። ሕዝብ በአደባባይ ፊት ለፊት እንዲናገረው ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈቀደም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ የዚህ ጆሮ ጭካኔ በግልጽ ታየ። በአዲስ አበባ በሦስት ቀን ውስጥ የፈሰሰው ደምና በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰው እልቂት በሰፊው የታወቀ ነው። ከዚሁ ጋር የተፈጸመ ሌላ ግፍ ግን ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ያልፋል። ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች የመንግሥቱን መውደቅ ለሕዝቡ እያወሩ ያሸብራሉ በማለት እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። በመጋቢት ወር ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም እስከዚያ ቀን ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውን ራሱ አስታውቋል። መሰንቆ እንጂ ጠመንጃ ያልያዘ ሰው በዜማው ምክንያት ተረሸነ ማለት ነው። የቀድሞው ገዥ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ብለናል፤ ይህ ገዥ ግን እረኛውን ገደለ። የአዝማሪነት ሙያ ከጥንት ጀምሮ ሥር ሰዶ በኖረበት በጎንደር ምድር ይህ ወሬ ምን ያህል እንደሚመር ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጆሮ ለጠላት ምን ጠቀመው? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጎንደር የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ቤት ተማሪ ገና በልጅነቱ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማየትን ይማራል፤ ያልተማረውም በሠርግና በለቅሶ፣ በቀረርቶና በሽለላ ሲሰማው ያደገ በመሆኑ ሁለት ፊት ያለው ንግግር እንግዳ አይሆንበትም። በእንዲህ ያለ አገር ጆሮ ጠቢው ሰሙን ተሸክሞ ወደ ካራቢኜሪ ይሮጣል፤ ወርቁ ግን ከባለቤቶቹ ዘንድ ይቀራል። በዚህ ላይ ወሬ በገንዘብ በሚሸጥበት ገበያ ሻጩ ያልሰማውን ሰማሁ ማለቱ፣ በርስት የሚሟገተውንም ጎረቤቱን ሸፍቷል ብሎ መወንጀሉ የማይቀር ነው። ስለዚህ ገዥው ብዙ በሰማ ቁጥር እውነቱ ከእርሱ እየራቀ ይሄዳል።

ይህም በሥራ ታየ። በ1929 ዓ.ም. ክረምት፣ ከነሐሴ ወር ጀምሮ፣ በላስታ፣ በበጌምድርና በጎጃም ሕዝቡ በጠላት ላይ በተነሣ ጊዜ ያ ሁሉ የተሰማራ ጆሮ የዐመፁን ስፋት አስቀድሞ ሊያውቀው አልቻለም። የጠላት ጦር በየአምባው ተከበበ፤ በዚያው ዓመተ ምሕረት መለወጫ ማግሥትም ግራዚያኒ ተሽሮ የአዎስታው መስፍን ተተካ። በሰሜኑ ደጋና ቆላ እነ ውብነህ ተሰማ፣ ሕዝቡ «አሞራው» ብሎ የጠራቸው፣ እነ አዳነ መኰንንም አርማጭሆን መሠረት አድርገው ጠላትን ዕረፍት ነሡት። በየከተማው የቀሩት የውስጥ አርበኞች ደግሞ በጠላት ጆሮ ሥር ተቀምጠው ጥይትና መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ ወደ በረሃ ይልኩ ነበር። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሠሩት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው በኢጣልያ አዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከተመለሱም በኋላ ትግላቸውን አላቋረጡም።

በመጨረሻም የወልቅፊት ምሽግ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን ወደቀ፤ ኅዳር 18 ቀንም ጄኔራል ናዚ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ጎንደርን አስረከበ። በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው የጠላት ይዞታ ይህ ነበር።

ጠላት ቢወጣም ግን ጆሮው ያቆሰለው ቁስል በአንድ ቀን አልዳነም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ንጉሠ ነገሥት ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ዐውጀዋል፤ ይሁን እንጂ ማን በማን ላይ እንደ መሰከረ የሚያስታውስ ጎረቤት በየመንደሩ ቀርቶ ነበር። «ባንዳ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። አንዳንዱ ለሹመት፣ አንዳንዱ ለገንዘብ፣ አንዳንዱም ልጆቹ ስለ ተራቡበት ወይም በእስር ስላስፈራሩት ብቻ እንደ ገባበት ማሰብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። መተማመን አንድ ጊዜ ከተቀደደ በዚያው ቀዳዳ የሚገባው አውሬ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የጮኹልን ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1935 በኒውዮርክ በሀርለም ሰፈር ብዙ ሺህ ሕዝብ ለኢትዮጵያ ተሰለፈ። ለመዝመት የፈለጉትን የአሜሪካ መንግሥት በባዕድ ጦር መቀጠርን የሚከለክለውን ሕግ ጠቅሶ ሲያግዳቸው፣ አውሮፕላን ነጂው ጆን ሮቢንሰን መሰናክሉን ተሻግሮ መጥቶ አገልግሎናል። የአገራችን ልጅ ዶክተር መላኩ በያንም በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርተው፣ በ1940 እስኪሞቱ ድረስ የእኛንና የእነርሱን ጉዳይ በአንድነት ሲያስረዱ ኖረዋል።

እነዚህ ወገኖች በገዛ አገራቸው በአጥር ውስጥ ነበሩ። በደቡብ ግዛቶች ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱና የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ሳይቀር በቀለም የተለየ ነበር። አጥር ባለበት ደግሞ ጆሮ እንደማይጠፋ ከላይ ተናግረናል። ገና በ1919 የፍትሕ ሚኒስቴር የምርመራ ቢሮ የማርከስ ጋርቬይን ማኅበር ከውስጥ ሆኖ የሚሰልል ጥቁር ሠራተኛ ቀጥሮ ነበር። ከ1956 እስከ 1971 ድረስ ደግሞ በጄ. ኤድጋር ሁቨር የሚመራው ኤፍ ቢ አይ በምስጢር ባዘጋጀው መርሐ ግብር ማኅበራትን ከመሰለል ዐልፎ እርስ በርሳቸው እንዲጠራጠሩና እንዲበተኑ ያደርግ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይ የተደረገው ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1963 በዋሽንግተን ከሁለት መቶ ሺህ በሚበልጥ ሕዝብ ፊት የልባቸውን ሁሉ በግልጽ ተናገሩ። ከእርሳቸው በስርቆት የሚሰማ ምስጢር አልነበረም። ነገር ግን ከሁለት ቀን በኋላ ከቢሮው ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ እርሳቸውን ከጥቁሮች ሁሉ ይበልጥ አደገኛ ሰው አድርጎ የሚቈጥር ማስታወሻ ጻፈ። በጥቅምትም የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ስልካቸው እንዲጠለፍ ፈቀዱ። በ1964፣ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሊቀበሉ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው፣ በስውር የተቀረጸ ድምፅና ስም የሌለው የማስፈራሪያ ደብዳቤ ከቢሮው ተላከባቸው። ያ ሁሉ ማሽን ድምፃቸውን ቀዳ፤ ያሉትን ግን አልሰማም። ያሉትን የሰማው ሕዝቡና ምክር ቤቱ ነው፤ በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በ1965ም የምርጫ መብት ሕግ ወጣ።

በሚሲሲፒ ግዛትም ከ1956 ጀምሮ የቀለም አጥሩን ለመጠበቅ ሲባል ራሱን የቻለ ኮሚሽን ተቋቁሞ መምህራንን፣ ቄሶችንና ተማሪዎችን ይሰልል ነበር። ሆኖም አሜሪካውያን አንድ የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋል። በ1971 የቢሮው ምስጢር በጋዜጦች ከወጣ በኋላ፣ በ1975ና በ1976 በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ለሕዝብ ገለጸ። የሚሲሲፒው ኮሚሽን መዝገብም፣ ከመቶ ሺህ ገጽ የሚበልጠው፣ በ1998 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከፈተ። የተሰለለ ሰው ስለ እርሱ የተጻፈውን በገዛ ዓይኑ ሊያነብ ቻለ።

አፍሪካም ይህን ጉዳይ ዝም ብላ አላለፈችውም። በግንቦት 1963 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መሪዎች የአፍሪካን አንድነት ድርጅት ሲመሠርቱ፣ በአሜሪካ በሚኖሩ የአፍሪካ ተወላጆች ላይ የሚደርሰው የዘር መድልዎ እንዳሳሰባቸው በውሳኔያቸው ገልጸዋል።

ነገር ግን ጆሮ ጠቢነትን የባዕድ ሥራ ብቻ አድርገን ብንጽፍ ለእውነት ታማኞች አንሆንም። አጥር በቀለም ብቻ አይታጠርም፤ በአሳብም ይታጠራል። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌዎች ሕዝቡ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የታሰቡ ነበሩ። ዳሩ ግን በ1969ና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ የደርግ መንግሥት ጆሮና ክንድ ሆኑ። ጎንደርም ከብዙ ከተሞች ይልቅ ብዙ ልጆቿን አጣች። በዚያን ጊዜ ሰላዩ ነጭ አልነበረም፤ ቋንቋውም የእኛው ነበር፤ ሰሙንም ወርቁንም ያውቅ ነበር። እናት ልጇን ከጎረቤቷ፣ ወንድምም አሳቡን ከወንድሙ ደበቀ። በጠላት ዘመን ሕዝቡን ያዳነው መተማመን በዚህ ጊዜ ራሱ ተጠቃ፤ ስለዚህም ቁስሉ ከቀድሞው የጠለቀ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። መንግሥት ወንጀለኛን መከታተሉ፣ የአገርንም ድንበር መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሰው ስለ መብቱ በሰላም ስለ ተናገረ ብቻ የሚሰልለው መንግሥት ግን ሕዝቡ በአደባባይ የሚናገረውን ለመስማት ድፍረት እንዳጣ ራሱ ይመሰክራል። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። አደባባዩ ይከፈት፤ አቤቱታ ይሰማ፤ ያለፈውም ዘመን መዝገብ ተጠብቆ ለተመራማሪና ለተበዳይ ይገለጥ። ወጣት አንባብያንም ከዚያ ዘመን የቀሩትን አረጋውያን እየጠየቁ ያዩትንና የሰሙትን በጽሑፍ እንዲያኖሩ አደራ እንላለን። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ የእኛው የቆየ ጥበብ ነው፤ እረኛው ያለ ፍርሃት የሚመልስ ከሆነ ዛሬም ይሠራል።