ቫይረሱ «አልታየም» ሲባል የት ነው ያለው?

በአንበሳሜም ሆነ በደብረ ታቦር የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ክትትል ካለዎት፣ «የቫይረሱ መጠን በምርመራ አልታየም» ሲባሉ «እንግዲያው ድኛለሁ፤ መድኃኒቱን ለምን እወስዳለሁ?» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። መልሱ ያለው ቫይረሱ ሴል ውስጥ በሚደበቅበት መንገድ ላይ ነው።

ሴሎች የቫይረስ ዲኤንኤን እንዴት ዝም ያሰኛሉ?

ኤችአይቪ ሬትሮቫይረስ ከሚባሉት ወገን ነው። ሴል ውስጥ ሲገባ ዘረመሉን ወደ ዲኤንኤ ቀይሮ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ያጣብቃል። ከሰው ልጅ ዲኤንኤ 8 በመቶ ያህሉም ከብዙ ሺህና ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከነበሩ መሰል ቫይረሶች የቀረ ሲሆን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ መጥቷል። አብዛኛው ተበላሽቷል፤ ቫይረስ መሥራት አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ ሴሉ፦

• ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፍበታል፤
• በፕሮቲን ላይ አጥብቆ ይጠቀልለዋል።

በዚህ ምክንያት በዲኤንኤው ላይ ያለው መልእክት ሳይነበብ ይቀራል።

ኤችአይቪ በምን ይለያል?

ቫይረሱ ከገባባቸው ሲዲ4 ሴሎች ጥቂቶቹ ሥራ አቁመው ያርፋሉ። በውስጣቸው ያለው የቫይረሱ ዲኤንኤም አብሮ ዝም ይላል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ ያልተበላሸና ቫይረስ መሥራት የሚችል አለ። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ይከለክላል እንጂ ይህን ዲኤንኤ አያወጣም። ምርመራውም የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ስለሆነ የተደበቀውን አያሳይም። መድኃኒት ሲቋረጥ ካረፉት ሴሎች አንዳንዶቹ ይነቃሉ፤ ቫይረሱም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ተመልሶ ይታያል።

ምን ማድረግ ይኖርብዎታል?

• መድኃኒትዎን በየቀኑ ይውሰዱ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በነጻ ይሰጣል።
• መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ቫይረሱ እንዳልታየ ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።
• ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል።
• ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ለቆይታዎ የሚበቃ መድኃኒት አስቀድመው ይጠይቁ።

አቋርጠው ከሆነ ሳያፍሩ ዛሬውኑ ወደ ክትትል ቦታዎ ይመለሱ። ቤተሰብም «ለምን አቋረጥክ?» ብሎ ከመውቀስ ይልቅ አብሮ ቢሄድ ይረዳል።